ከኩላንቱ ጎን የተቀመጠው ጀሪካን

የመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሳሎን ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። ሳሎን የሚቀመጡት ሰዎች ግን ይህን ዘወትር ይረሱታል። በዚያ ጠዋት ራዲያተር ጠጋኙ ሰውዬ በሩን ቆልፎ፣ ቀበቶውን ገና ሳያጠብቅ፣ የታናሽ ወንድሙን ድምፅ አጥርቶ ሰማው። «ውጤቱ ጥሩ ከመጣ እሰየው፣ ማን ይጠላል? መጥፎ ከመጣ ግን እቤቱ አርፎ ይቀመጥ። እሳትና አሲድ ለታመመ ሰው አይሆንም። ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፤ የጎማ ሥራዬን ወደዚያ አሰፋለሁ። እናንተን ደግሞ ሜዳ ላይ አልጥላችሁም።» ሰውየው ሚስቱ አንድ ነገር እስክትል ጠበቀ። «እሱን ሳንጠይቅ?» ብትል ይበቃው ነበር። «ተው እንጂ» ብትልም ይበቃው ነበር። የሰማው ግን ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ሲዞር ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመረች ቆይታለች፤ የምታማስለው ነገር አልነበራትም።

ዝቅ ብሎ አየ። የሽንቱ አረፋ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ነጭና ወፍራም ሆኖ ተንሳፍፏል፤ የልብስ እጣቢ የተደፋበት ይመስላል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንዲህ ነው። ሰውየው ይህን አረፋ ለማንም አላሳየም። ውሃ ይለቅበታል፤ ካልጠፋ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቅና እንደገና ይለቅበታል፤ አንዳንዴም ሦስተኛ ይደግማል። የዛሬው የጠዋት ሽንት ግን እንዲደፋ የታዘዘ ነበር። ከላቦራቶሪ የተሰጠው መመሪያ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን ድፋ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነገ ጠዋት የሚመጣውን አንዲት ጠብታ ሳታስቀር በዚህ ጀሪካን አጠራቅም፤ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ፤ ነገ ይዘህ ና። ኩላሊቱ በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚያሾልክ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጀሪካኑ አዲስና ነጭ ነው፤ ሆዱ ላይ የሰውየው ስምና «ሽንት» የሚል ቃል በጉልህ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሲወጣ ወንድሙ ብድግ አለ። «ወንድም ጋሼ! እንዴት አደርክ? ዛሬስ ፊትህ ጥሩ ነው።» ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ ከተሰማው ድምፅ ጋር አንድ አይመስልም፤ ለስልሷል፣ አንሷል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጎማ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ጎራ ያለው አንድ ብልቃጥ እንክብል ሊያደርስ ነው። «ፀረ ኦክሲዳንት ይባላል፤ የውስጥ ዝገት ያስለቅቃል አሉ። እኔ እንኳ ለራሴ አልገዛውም» አለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አላነሣም፤ ረስቶ ይሁን አውቆ አይታወቅም። ዋጋው አንድ የጭነት መኪና ራዲያተር አውርዶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ለመግጠም የሚከፈለውን ያህላል። ሚስትየው ቀና ሳትል ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ሰውየው ጀሪካኑን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ወንድሙ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ «ብቻ ሐሳብ አይግባህ፣ እኛ አለን» አለው። «እኛ» ሲል ማንን ጨምሮ እንደሆነ ሰውየው አልጠየቀም። ደረጃውን ሲወርድ ግን አንድ ነገር ቆርጦ ነበር፤ ይህ ምርመራ ጥሩ ሆኖ መምጣት አለበት።

እንዴት ጥሩ እንደሚያደርገውም የሚያውቅ መስሎታል። ባለፈው ሳምንት የስኳር ሕመሙን የምትከታተለው ወጣት ሐኪም ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። ሲነግራት ፊቷ በራ። «እንግዲያው ለእርስዎ ማስረዳት ቀላል ነው» አለችና ወረቀት ስባ ሣለች። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል፤ ከመጠን በላይ ሲሆን ግን እሳቱ ፍንጣሪ ያወጣል። ሰውነት ፍንጣሪውን የሚያጠፋበት የራሱ ዘዴ አለው፤ ሲበዛበት ግን አይችለውም። ያመለጠው ፍንጣሪ ያገኘውን ሁሉ ይለበልባል። ኩላሊት ውስጥ ደግሞ ከምንም ወንፊት የረቀቀ ወንፊት አለ፤ ያ ወንፊት ሲበላ፣ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ሾልኮ ይወጣል። «እኛ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እንለዋለን፤ እርስዎ ዝገት ይበሉት» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ገባው፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ከዝገት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። የዛገ ራዲያተር ሲመጣለት ውሃ በግፊት ይለቅበታል፤ መጀመሪያ ቡናማ ይወጣል፣ ቀጥሎ ብጫ፣ በመጨረሻ ኩልል ያለ ውሃ። በቂ ውሃ ከተለቀቀበት የማይጠራ ራዲያተር አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ራሱን ሊያጥብ ነው። መንገድ ላይ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ገዝቶ እየሄደ ጠጣ፤ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ባዶውን ከቧንቧ ሞላው።

ሱቁ በአንዲት ልብስ ሰፊ ክፍልና በአንድ የመለዋወጫ መደብር መካከል የተሰነገ ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ትልልቅና ትንንሽ ራዲያተሮች ተሰቅለዋል፤ መሐል ላይ ወገብ የሚደርስ የውሃ ገንዳ አለ። የተጠገነ ራዲያተር እዚያ ገንዳ ውስጥ ይጠልቃል፤ አየር ይነፋበታል፤ አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሰውየው በዚህ ገንዳ ላይ ሲያጎነብስ ስለኖረ አረፋ ምን እንደሚያመለክት ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም ነበር፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን ስንት ወር ፈጅቶበታል። ጀሪካኑን ከፌስታሉ አውጥቶ ቆመ። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። «ሽንት» የሚል ጽሑፍ ከነስሙ ሱቁ መሐል ገትሮ መዋል አልሆነለትም። ወረቀቱን በጥፍሩ ፋቀው፤ የቀረውን በሙቅ ውሃ አራሰና አነሣው። ከዚያ ከገንዳው ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ፣ የኩላንት ጀሪካኖቹ ከተደረደሩበት ጎን አስቀመጠው። ኩላንት ማለት ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ እሱም በነጭ ጀሪካን ይመጣል፣ እሱም ብጫ ነው። ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ሲያየው አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ደስ አለው።

ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቦታ መርጋት አልቻለም። ብየዳ ይጀምራል፣ ይጠጣል፣ ብረቱን ያስቀምጣል፣ ቱታው ሥር ጣሳ ደብቆ ግቢው ጫፍ ወዳለው የጋራ መጸዳጃ ይሮጣል፣ ጣሳውን ደብቆ ይመለሳል፣ ጀሪካኑ ውስጥ ይገለብጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ እንደገና ይጠጣል። የሚወጣው ከተራ ወደ ተራ እየነጣ መሄዱን ባየ ቁጥር ልቡ ሞቅ ይላል፤ ራዲያተሩ እየጠራ ነው። ዓይኑ ግን በየመሐሉ በሱቁ ላይ ይዞራል። ወንድሙ የጎማ መንፊያውን የት ያቆመው ይሆን? ገንዳውን ያፈርሰዋል፤ ገንዳ ለጎማ ሥራ ያን ያህል አያስፈልግም፣ ትንሽ ሳፋ ይበቃዋል። ግድግዳውን ቀለም ይቀባዋል። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ ሲያልፍ ስታየው ቆይታ በመጨረሻ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ዛሬስ ሽንት ቤቱን ተከራዩት እንዴ? ለእኛም ተራ ይድረሰን እንጂ!» አለችው። ሣቀላት፤ ጣሳውን በክንዱ ይበልጥ ጠበቅ አደረገው።

ጉዱ የፈላው ቀትር ላይ ነው። ከመጸዳጃው ሲመለስ አንድ ሚኒባስ የሱቁን በር ዘግቶ ቆሟል፤ ፊቱ ተከፍቷል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ውስጥ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይጮኻሉ። ነጂው ፍሬቻ ይባላል፤ ፍሬቻ አብርቶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። የራዲያተሩን ክዳን እያጠበቀ ነበር። እግሩ ሥር ምልክት የሌለው ነጭ ጀሪካን ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የት ጠፋህ? ሙቀቱ ቀዩ ላይ ደርሶ ልትፈነዳብኝ! ስጠራ ስጠራ ሰው የለም። ኩላንትህን ትንሽ ቀንሼብሃለሁ።»

«የቱን?»

«ይሄን የተከፈተውን ነዋ። አዲሱንማ አልነካሁም፣ እኔም ሰው ነኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን አነሣው። ግማሹ የለም። ቱታው ሥር ያለው ጣሳ ዘንበል ብሎ ሆዱን አራሰው።

«ጥሩ ነገር ነው፣ ወዲያው ነው ያበረዳት» አለ ፍሬቻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የምታስቀምጠው? ሞቅ ብሏል።»

«አይ... አሁን የገባ ስለሆነ ነው።»

«ደግሞ አረፋ ይበዛዋል። አጭበርብረውህ እንዳይሆን ጋሼ፣ ሳሙና ይቀላቅላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የት ነው የገዛኸው?»

ሰውየው ብዙ ነገር ለማለት አፉን ከፈተ። ተሳፋሪዎቹን አየ። ልብስ ሰፊዋን አየ፤ መርፌዋን አቁማ ጆሮዋን ወደዚህ ጥላለች። «ስማ» አለ በመጨረሻ፣ «ነገ ከሰዓት ይዘሃት ና። ራዲያተሩን አውርጄ አጥብልሃለሁ። ውስጡ ጨው ሳይበላው።»

«የምን ጨው? አሁን እኮ ደህና ሆነች።»

«አምጣት ብያለሁ። በነፃ ነው።»

ፍሬቻ ጨርቁን ኪሱ ውስጥ መክተት ትቶ ትክ ብሎ አየው። «በነፃ?» አለ። «ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

መልስ ሳይጠብቅ ዘሎ ገባ፤ ፍሬቻ ሳያበራ ወደ ግራ ታጥፎ ሄደ።

ሰውየው ሱቁን ገርበብ አድርጎ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተሰማው ድንጋጤ ነው፤ ቀኑ ተበላሸ፣ ነገ ምን ይዞ ሊሄድ ነው? ሄዶ ሄዶ ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት። ሚኒባሱ ውስጥ የገባው ፕሮቲን አይለካም። ጠዋት የተጠራቀመው፣ ገና ሳይነጣ ከነአረፋው የተገለበጠው፣ አሁን ከተሳፋሪ ጋር ከተማውን እየዞረ ነው። ላቦራቶሪው የሚያገኘው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ይህን ደግሞ እሱ አላደረገውም፤ ሌላ ሰው ነው ያደረገው። ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ወንድሙ «እሰየው» ይላል፤ የሱቁ ነገር ይረሳል። ተነሥቶ በሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። የተጠገነውን ራዲያተር ገንዳው ውስጥ አጥልቆ አየር ነፋበት፤ አረፋ አልወጣም። አወጣው፤ እንደገና አጠለቀው። ጀሪካኑ በግማሽ ሆኖ ቢሄድ ይጠይቁታል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የዋለ ሰው ሽንቱ እንዲህ አያንስም። ስለዚህ ወደ ቧንቧው ወሰደውና ቀድሞ ወደነበረበት ልክ እስኪደርስ ውሃ ለቀቀበት። ቀለሙ ፈዘዘ። ጣሳ ውስጥ የቀረችውን ገለበጠበት። ክዳኑን ከልክ በላይ ሲያጠብቀው ፕላስቲኩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሽት የሠራው ሥራ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው፤ አንዱን ብየዳ አፍርሶ ደገመው፣ የአንዱን ደንበኛ ቱቦ ለሌላው ሊገጥም ሲል ራሱን ያዘ።

ማታ ሚስቱ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብላ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ መብራቱ አየችው። «ወረቀቱስ?» አለች። «ውሃ ነክቶት ተላጠ» አላት። ከመሳቢያ ፕላስተር አውጥታ በራሷ ጽሕፈት ስሙን ጻፈችና ለጠፈችበት፤ ጫፎቹን በአውራ ጣቷ አሸች። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋ ጀሪካኑን ውስጡ አቆመችው። «ብዙ ነው። ጥሩ ነው አይደል?» አለች። «ጥሩ ነው» አለ። ጨው የሌለበት ጎመንና ድንች አቀረበች፤ እሷም ከዚያው በላች፤ ታማ አይደለም፣ ለሁለት ዓይነት ምግብ ጉልበት የለኝም ትላለች። ቴሌቪዥኑ የማያዩትን ነገር ያሳያል። ሰውየው ሁለት ጊዜ «ስሚማ» ሊል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ጠጣ። እሷም አንድ ጊዜ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ እሱ ዞራ ነበር፤ የድንቹን ሳህን አስጠግታለት ተመለሰች። ሌሊቱ በመመላለስ አለፈ። በተነሣ ቁጥር እሷም ተነሥታ የኮሪደሩን መብራት ታበራለታለች፤ ምንም አትልም፤ እስኪመለስ ግን አትተኛም።

ጠዋት አብራው ሄደች። ጀሪካኑን እኔ ልያዝ ብላ በነጠላዋ ሸፍና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ታክሲው በነጠረ ቁጥር በሁለት ክንዷ ታቅፈዋለች። የላቦራቶሪው መስኮት ፊት የተወሰኑ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንድ ሽማግሌ የራሱን ጀሪካን ይዞ ቆሟል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ክንዷን በጥጥ ይዛለች። ተራቸው ሲደርስ ነጭ ጋውን የለበሰችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጀሪካኑን ተቀብላ ልኩን አየች፤ ቀለሙን አየች፤ ቅንድቧን ትንሽ አነሣች።

«ሙሉ ነው? ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያለው በሙሉ? የፈሰሰ፣ የተረሳ፣ የተጨመረ የለም?»

«ኧረ የለም!» አለች ሚስትየው እሱ ሳይቀድማት። «ጠብታ አልፈሰሰም። ሌሊቱን ሙሉ እኔ ራሴ እየተነሣሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያሳደርነው፤ ወረቀቱ ተላጦ ነበር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።» እንደ ጎበዝ ተማሪ ነበር የምትናገረው። ፊቷ በእንቅልፍ ማጣት አብጧል። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ሰውየው ሚስቱን አየ። ወንድሙ ሱቁን መውሰዱን በሬዲዮ እያስነገረ ቢሆን፣ ሱቁ ዓይኑ እያየ ቀለም እየተቀባ ቢሆን፣ በዚያች ሰዓት ዝም ማለት ይችል ነበር። እሷን ግን ውሸታም ሊያደርጋት ነው፤ ሳታውቀው፣ ለእሱ ብላ እንቅልፏን አጥታ።

«ቆይ እህቴ፣ አትጻፊ» አለ። «ሙሉ አይደለም።»

«ምን ያህል ጎደለ?»

«ግማሹ።»

«ፈሰሰ?»

«አልፈሰሰም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መስኮቱ ግን ወፍራም መስታወት ስለሆነ ሠራተኛዋ «እ?» ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። «ግማሹ ሚኒባስ ውስጥ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ ወረቀቱን መላጡን፣ ኩላንቱን፣ ፍሬቻን፣ የቧንቧውንም ውሃ፣ ጮክ እያለ ለመስታወቱ ተናገረ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፤ የራሱን ጀሪካን ደረቱ ላይ ለጠፍ አድርጎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ነፍሰ ጡሯ ሆዷን ያዘች። «መኪናዋስ ሄደች?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሠራተኛዋ አፏን በጓንቷ ጀርባ ሸፍና «ይህንን እንኳ አልመረምረውም» አለችና ወደ ሐኪሟ ክፍል ላከቻቸው። ሚስትየው ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፋ ትይዛለች፤ ትፈታለች፤ ታጣፋለች።

ወጣቷ ሐኪም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። ግፊቱን ለካች፤ እግሩን በጣቷ ተጫነችና ጣቷ የተወው ጉድጓድ እስኪሞላ አየች። ሚስትየው ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ሐኪሟ አንሥታ አነበበች። «ይህን አይዋጡ። ፍንጣሪውን ያጠፋል ተብሎ ብዙ ዓይነት ነገር ተሞክሯል፤ እንዲህ ያለው እንክብል ኩላሊት ሲያድን ግን እኔ አላየሁም» አለች። «ዋጋው እንዳለበት ነው፣ ሻጮቹ ለወንድሙ ይመልሱለታል» አለች ሚስትየው ብልቃጡን መልሳ እየከተተች። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች።

«ዝገት ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ራዲያተር ከመኪናው ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። እርስዎን ማውረድ አንችልም፤ ሞተሩ እየሠራ ነው የምንጠግነው። የተበላውን ወንፊት ውሃ አይመልሰውም። የምንችለው የቀረው እንዳይበላ ማድረግ ነው፤ እሳቱን መቀነስ፤ ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ጨዉን። ለወገቤ እውጣለሁ ያሉኝን ማስታገሻ ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉ፤ እሱም ኩላሊት ይጎዳል።»

«ዝም ብዬ ብሰጥሽ ኖሮስ?»

«ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ መድኃኒትዎን ባለበት እተወዋለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ እልዎታለሁ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ስድስት ወር ለዚህ ነገር ብዙ ነው» አለች።

«መጥፎ ከመጣ ሥራ ተው ትይኛለሽ?»

«እሱን ጀሪካኑ አይነግረኝም። ድካምዎን፣ ደምዎን እያየን እንነጋገራለን። ምናልባት አንድ ቀን እልዎታለሁ። ዛሬ ግን አላልኩም።»

አዲስ ጀሪካን ሰጠቻቸው። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ባዶው ጀሪካን መሐላቸው ነው። ሰው ያልፋል፤ ተንከባላይ አልጋ ያልፋል።

«ትናንት ጠዋት ለምን ዝም አልሽ?» አለ ሳያያት።

«መቼ?»

«እሱ ስለ ሱቁ ሲያወራ። ግድግዳው ወዲያ ነበርኩ።»

ዞራ አየችው። ለመቆጣት ያሰበች መሰለች፤ ግን ተወችው። «እዚያ መሆንህን አጥቼው ነው? ጆሮዬ አንተ ጋ ነበር» አለች። «ውሃ ስትለቅ እሰማሃለሁ። አንዴ ትለቃለህ፣ ትቆያለህ፣ ትደግማለህ። ወራት ሆኖሃል። ምን እንደምትደብቅ አላውቅም፤ መደበቅህን ግን አውቃለሁ። ትናንት እሱ ሱቅ ጎማ ሲል፣ እኔ ሦስተኛው እስኪለቀቅ ነበር የምጠብቀው። ምን እንዳለ እንኳ ደህና አድርጌ አልሰማሁትም።» ከዚያ፣ ዘግይቶ፣ እንደ ሳል አድርጎ ሣቅ ያዛት። «ሚኒባስ ውስጥ» አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አንተ ሰውዬ።»

ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ነው። ሰውየው እስኪዘጋ ሊተወው አስቦ ሐሳቡን ቀየረ።

«ወንድም ጋሼ! እ? እንዴት ሆነ? ወጣ?»

«ገና ነው። እንደገና ጀምር ተብያለሁ።»

«ለምን? ምን ተፈጠረ?»

«ረጅም ነው፤ ፍሬቻ ይነግርሃል።»

«ግን ደህና ይመስላል አይደል?»

«አይመስልም» አለ ሰውየው። «መጥፎ ነው የሚመጣው። ወራት ሆኖታል፤ አረፋ አለው፣ ስደብቀው ነው የከረምኩት። ስማኝ፤ ስለ ሱቁ ማውራት ከፈለግክ ከሰዓት ክፍት ነው፣ የማጥበው መኪና አለኝ። እዚያው ና፤ ከእኔ ጋር ነው የሚወራው። ከእሷ ጋር አይደለም።»

ከወዲያ በኩል የጎማ መንፊያው ሞተር ይሰማል፤ አንድ ሰው «አለቃ፣ ይቺስ?» ይላል፤ ወንድሙ አልመለሰለትም። ሰውየው ቁጣ ጠበቀ፤ ወይም ይቅርታ። ሞተሩ ጠፋ። በር ተዘጋ።

«ወንድም ጋሼ» አለ ወንድሙ፤ ድምፁ በጣም አንሷል፣ ሰው እንዳይሰማው እጁን አፉ ላይ ያደረገ ይመስላል። «አረፋው... እንዴት ያለ ነው? ዝም ብሎ የሚጠፋ ነው፣ ወይስ ውሃ ብትለቅበትም የማይጠፋ?»

ሰውየው ብድግ አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«የት ነህ አሁን?»

«ጎማ ቤቱ ነኝ።»

«ዝጋውና ና» አለው። «ሰልፉ አጭር ነው። አንሄድም፣ እዚሁ እንጠብቅሃለን።»